ከወረቀት የተወለደች መዲና



ዛሬ በዚህ የትምህርት ሰዓታችን የማነሣው ጉዳይ የቤት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው በሜዳ ላይ ለብቻው እንደ ወደደ የሚያቆመው ቤት ሳይሆን፣ ከጎረቤቱ ግድግዳ፣ ከፊቱ ካለው መንገድ፣ ከሚገባለት ብርሃንና ከሚተነፍሰው አየር ጋራ በሕግ ተሳስሮ የሚቆመው የከተማ ቤት ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ የምትኖሩባት ወይም ለእንጀራ በየቀኑ የምትመላለሱባት የዋሽንግተን ከተማ፣ ከተማ ሆና ሳትቆም አስቀድማ በሐሳብ የተፀነሰች፣ በወረቀትም ላይ ተነድፋ ያለቀች መዲና ስለ ሆነች፣ ሕግና ሕንጻ እንዴት እንደሚገናኙ ለመማር ለሚሻ ሰው ከእርስዋ የበለጠ ግልጥ መምህር ማግኘት ያዳግታል። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ከአንድ ከፈረሰ ቤት ልጀምረው። በ1791 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ይህ ምድር ገና የእርሻ፣ የደንና የጉብታ አገር ሆኖ ሳለ፣ ዳንኤል ካሮል የተባለ ባለብዙ ርስት ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ትልቅ ቤት ያሠራ ነበር። ቤቱ በተጀመረበት ጊዜ በአጠገቡ አንዳች ጎዳና አልነበረም፤ ጎዳናው የነበረው ፒየር ቻርልስ ላንፋንት በተባለው ፈረንሳዊ ሐሳብና ንድፍ ውስጥ ብቻ ነበር። ንድፉ ወደ መሬት ወርዶ ችካል መመታት በጀመረ ጊዜ ግን፣ የካሮል ቤት ጥቂት ጫማ ያህል ወደ ኒው ጀርሲ ጎዳና ገብቶ ተገኘ። ላንፋንት ቤቱ እንዲነሣ ጠየቀ፤ ባለቤቱ አሻፈረኝ አለ፤ ካሮል ከሦስቱ የከተማው ኮሚሽነሮች የአንዱ ዘመድ ነበረ፤ ኮሚሽነሮቹ ሥራው ይቁም ብለው ቢያዝዙም፣ የላንፋንት ሰዎች ቤቱን እስከ መሠረቱ አፈረሱት። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ንድፉን ከልባቸው ቢወዱትም፣ ከአለቆቹ ትእዛዝ በላይ የሆነን ንድፍ አውጪ ሊታገሡት ስላልቻሉ፣ ላንፋንት በ1792 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከሥራው ተሰናበተ፤ ለካሮልም በሕዝብ ገንዘብ ሌላ ቤት ተሠራለት።

ይህን ታሪክ ባነበብሁት ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ካሮል በገዛ ርስቱ ላይ ቤቱን የሚሠራ ሰው ነበር፤ ላንፋንት በበኩሉ ጎዳናው ለአንድ ባለጸጋ ሲባል በመጀመሪያው ዓመት ከታጠፈ በሁለተኛው ዓመት ለሌላው መታጠፉ እንደማይቀር ያወቀ ሰው ነበር። ከሁለቱ ይልቅ ዛሬ እጅግ የሚያሳስበኝ ግን በዚያ ሙግት ውስጥ ያልተጠራ ሦስተኛ ወገን ነው፤ እርሱም ካሣ የሚያስከፍልለት ዘመድ በኮሚሽን ውስጥ የሌለው፣ ነገር ግን በንድፉም በሕጉም የተነሣ ቤቱ የሚፈርስበት ወይም ከመጀመሪያው ቤት መሥራት የሚከለከለው ድኻ ነው። በዚህች ከተማ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ የሕንጻ ሕግ በወጣ ቁጥር፣ ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ የተነገረው ቃል ሁሉ ውሎ አድሮ በዚህ ስፍራ ማን ይኑር፣ ማንስ ይውጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሆን እናየዋለንና።

ላንፋንት ማን ነበር? የምድር ውስጥ ባቡር የምትሳፈሩ ሁሉ ስሙን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ፤ ላንፋንት ፕላዛ የሚባለው ጣቢያ በእርሱ ስም የተሰየመ ነው። በ1754 ዓ.ም. በፓሪስ ከሠዓሊ አባት የተወለደው ይህ ሰው፣ ለአሜሪካ ነጻነት ሊዋጋ በፈቃዱ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ በጦር ሜዳ ቆስሎ፣ ከጦርነቱም በኋላ በመሐንዲስነት ሥራ የኖረ ነው። ኮንግረስ በ1790 ዓ.ም. በፖቶማክ ወንዝ ዳር በየጎኑ ከ10 ማይል የማይበልጥ መሬት ለመንግሥት መቀመጫ እንዲለይ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ድንበሩን እንዲቀይስ አንድሩ ኤሊኮት ታዘዘ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእርሱ ጋራ የሠራው ደግሞ ነጻ ሆኖ የተወለደው፣ የከዋክብትን አካሄድ በአብዛኛው ከመጻሕፍት ራሱን በራሱ ያስተማረው ጥቁሩ ሊቅ ቤንጃሚን ባኔከር ነበር። ላንፋንት በዚህ ምድር ላይ ጄንኪንስ የሚባለውን ኮረብታ መርጦ የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት ከላዩ አኖረ፤ የፕሬዚዳንቱን ቤት በሌላው ጉብታ ላይ አድርጎ፣ ሁለቱን እስከ 160 ጫማ በሚሰፋ ጎዳና አያያዛቸው፤ ትናንሾቹን መንገዶች ቀጥ ባሉ ማዕዘኖች ካሠመረ በኋላ፣ ሰፋፊዎቹን ጎዳናዎች በእነርሱ ላይ በሰያፍ እያሳለፈ በየመገናኛቸው አደባባይ ከፈተ። ዛሬ መኪና የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶች በዱፖንት ወይም በሎጋን አደባባይ ዙሪያ መውጫው ጠፍቶባችሁ ስትዞሩ፣ የምትዞሩት በዚያ ፈረንሳዊ ሐሳብ ዙሪያ ነው።

የእኛይቱ አዲስ አበባ ከዚህ ፍጹም በተለየ መንገድ ተወለደች። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃን ወደው ከሰፈሩበት፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ግቢያቸውን በኮረብታው ላይ ካቆሙበት ጊዜ አንሥቶ፣ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ የጦር ማረፊያ የነበረው ሰፈር የሚለው ቃል የከተማ ክፍል መጠሪያ ሆኖ የቀረልን ከዚህ የተነሣ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው አስቀድሞ መጣ፣ ንድፍ ተከተለው፤ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ ለአዲስ አበባ ፕላን ሲያዘጋጁ ከተማይቱ ከተቆረቆረች ሰባ ዓመት ያህል አልፏት ነበር። በዋሽንግተን ግን ንድፉ አስቀድሞ ተቀምጦ ሰውን ጠበቀ። ሰው ለመምጣት ዘገየ፤ ለምን እንደ ዘገየም ከምክንያቶቹ አንዱ በሕንጻው ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ሕንጻ ሕግ ምንነት ጥቂት ልበል። ይህ ነገር የዘመናችን የቢሮ ሰዎች ያመጡብን ቀንበር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ከፍቶ ይመልከት፤ በዚያ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት፣ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል። ትእዛዙ ቤቱ ያምር ወይም አያምር እንደ ሆነ አይናገርም፤ የሚናገረው ባለቤቱ ስለማያውቀው እንግዳ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ፣ ገና ወደዚያ ሰገነት ስላልወጣ ሰው ነው። እኔ ለራሴ አንድን የሕንጻ ደንብ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው፤ ለሌላው ሰው የሚሠራ መከታ ነው ወይስ ሌላውን ሰው የሚያስቀር አጥር?

የዋሽንግተን የመጀመሪያው የሕንጻ ደንብ ላንፋንት ገና በሥራው ላይ ሳለ፣ በጥቅምት ወር 1791 ዓ.ም. ወጣ። የቤቱ የውጭ ግድግዳዎችና ከጎረቤት የሚያዋስኑት ግድግዳዎች ሁሉ ከጡብ ወይም ከድንጋይ ይሠሩ፤ በመንገድ ላይ ያለው ግድግዳ ከመንገዱ ጋራ ትይዩ ይሁን፤ በከተማይቱ ውስጥ የማናቸውም ቤት ግድግዳ እስከ ጣሪያው ከ40 ጫማ አይበልጥ፤ በሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ላይ ደግሞ ከ35 ጫማ አይነስ ይል ነበር። ከእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ልቤን የሚማርከው ስለ ጋራ ግድግዳ የተጻፈው ነው፤ አስቀድሞ የሚሠራ ሰው የሚያዋስነውን ግድግዳ መሠረት እኩሌታውን በራሱ፣ እኩሌታውን በጎረቤቱ መሬት ላይ እንዲጥል ተፈቅዶለት፣ ጎረቤቱም ከዓመታት በኋላ ቤቱን በዚያው ግድግዳ ላይ ባስጠጋ ጊዜ የወጪውን እኩሌታ እንዲከፍለው ተደንግጎአል። በዚህች አንድ ቃል ሕጉ ገና ያልመጣን ሰው ከመጣው ሰው ጋራ አስታረቀ፤ ሁለት ግድግዳ እንዲሠራ አላስገደደም፣ አንዱም በሌላው ድካም እንዲጠቀም አልፈቀደም።

ነገር ግን ጡቡና 35ቱ ጫማ ሌላ ሥራ ሠሩ። እስቲ አስቡት፤ የፕሬዚዳንቱን ቤትና የምክር ቤቱን ሕንጻ ሊሠሩ የመጡት አናጢዎች፣ ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ከእነርሱም ጋራ ደመወዛቸው ለጌቶቻቸው የሚከፈልባቸው ባሪያዎች በዚያ ስፍራ አሉ፤ ቤት የሚያስፈልጋቸውም አስቀድሞ እነርሱ ናቸው። ጡብ ገዝቶ ሦስት ፎቅ ያህል ሊያቆም የሚችል ግን ከእነርሱ መካከል እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ መሬቱ እንደ ታሰበው ሳይሸጥ፣ ጎዳናው ሳይሞላ፣ ሠራተኛውም ተጠግቶ የሚያድርበት ሳያገኝ አምስት ዓመት ሆነ። ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ይህን ተመልክተው በ1796 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ እነዚህ አንቀጾች የእጅ ሥራ ባለሙያዎችንና ዐቅማቸው ያልፈቀደላቸውን ሰዎች ከከተማይቱ እንዳራቁ ገልጠው፣ ስለ ጡብና ስለ ከፍታ የተደነገገውን እስከ 1800 ዓ.ም. ድረስ አገዱት፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ፕሬዚዳንቶች እግዱን አራዘሙት። አንድ መንግሥት የገዛ ደንቡ ድኻውን እንዳስቀረ አምኖ፣ ያንንም በጽሑፍ አስታውቆ ወደ ኋላ ሲመለስ ማየት በየዘመኑ የማይገኝ ነገር ስለ ሆነ፣ ከጆርጅ ዋሽንግተን ሥራዎች ሁሉ ይህን ከታላላቆቹ መካከል እቈጥረዋለሁ። እርግጥ ነው፣ በእግዱ የተነሣ የእንጨት ቤቶች ተበታትነው በዙ፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ዓ.ም. ሲጎበኛት ጎዳናዎቿ ሰፍተው፣ ቤቶቿ ግን ጎድለው አግኝቶአታል። ዳሩ ግን ከተማ ሰው ነው፤ ግንቡ በኋላ ይመጣል።

ስለሚቀጥለው መቶ ዓመት አሳጥሬ እናገራለሁ። ላንፋንት የድካሙን ዋጋ ሲማጠን ኖሮ በ1825 ዓ.ም. በሰው ቤት ተጠግቶ በድኽነት ሞተ። ለሜዳና ለአትክልት ባሰበው በሰፊው መካነ ምድር ላይ፣ ዛሬ ሞል በምንለው፣ የባቡር ሐዲድና ጣቢያ ተሠራበት፤ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በ1881 ዓ.ም. የተመቱት በዚያ ጣቢያ ውስጥ ነበር። በ1901 ዓ.ም. የሴኔቱ ኮሚሽን የቀድሞውን ንድፍ ከተረሳበት አንሥቶ እንዲታደስ ባደረገ ጊዜ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ዩኒየን ስቴሽን ተሠራ። ላንፋንትም በ1909 ዓ.ም. ዐፅሙ ከተቀበረበት እርሻ ወጥቶ፣ በካፒቶል አዳራሽ በክብር ከዋለ በኋላ በአርሊንግተን ኮረብታ ላይ፣ ከተማይቱ ቁልቁል በምትታይበት ስፍራ ተቀበረ፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይም ንድፉ ተቀርጾአል።

አሁን ዋሽንግተንን ከሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ወደሚለያት ወደ ከፍታው ሕግ እንምጣ። ብዙ ሰው በዚህች ከተማ ከካፒቶል ጉልላት ወይም ከዋሽንግተን ሐውልት የሚበልጥ ቤት እንዳይሠራ ተከልክሎአል ሲል ትሰማላችሁ፤ እኔም ለብዙ ዘመን እንደዚያ መስሎኝ ኖሬአለሁ። የሕጉ ቃል ግን ስለ ጉልላት አያነሣም፤ የሚናገረው ስለ መንገድ ስፋት ነው። የነገሩ መነሻ ደግሞ እሳት ነበር። በ1894 ዓ.ም. ቶማስ ሽናይደር የተባለ አርክቴክት በኪው መንገድ ላይ ካይሮ የሚባለውን፣ 164 ጫማ ከፍታ ያለውን 12 ፎቅ የመኖሪያ ሕንጻ አቆመ። ዛሬም ቆሞ ይታያል። ጎረቤቶቹ በዚህ ደነገጡ፤ በዚያ ዘመን የእሳት አደጋ መሰላል ያን ያህል ስለማይደርስ፣ ከላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ቢቃጠል ማን ያወርደዋል? ብረቱ ሲግልና ሲፈርስስ በዙሪያው ባሉት ትናንሽ ቤቶች ላይ አይወድቅምን? ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት የከተማው ኮሚሽነሮች ከፍታ የሚገድብ ደንብ አወጡ፤ ኮንግረስም በ1899 ዓ.ም. ሕግ አደረገው።

በ1910 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕግ፣ ዛሬም የሚሠራበት፣ በንግድ ጎዳና ላይ የሚሠራ ሕንጻ ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ቢበዛ በ20 ጫማ እንዲበልጥ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በዚህም ላይ ማናቸውም ከ130 ጫማ አያልፍም። ፔንሲልቬንያ ጎዳና በአንድ ወገኑ ብቻ ከምክር ቤቱ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤት በሚወስደው ክፍል እስከ 160 ጫማ ተፈቅዶለታል፤ በመኖሪያ ጎዳናዎች ላይ ደግሞ ከፍታው ከ90 ጫማ እንዳያልፍ ተወስኖአል። መንገዱ 90 ጫማ ቢሰፋ ሕንጻው 110 ጫማ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ጸጥ ብላችሁ ብታሰላስሉት ጥበቡ ይገለጥላችኋል፤ ላንፋንት በ1791 ዓ.ም. በወረቀት ላይ ያሠመረው የመንገድ ስፋት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሰማዩን ስፋት ወሰነ። በሰፊው መንገድ ላይ የሚቆም ሕንጻ ከፍ ይላል፣ በጠባቡም ላይ ዝቅ ይላል፤ ከሥሩ ለሚሄደው እግረኛ ግን በሁለቱም ዘንድ የሰማይ ድርሻው ይቀርለታል።

ከወንዙ ማዶ በሮስሊን የምታዩአቸው ረጃጅም ሕንጻዎች ይህን ሕግ የማያውቁት፣ ያ መሬት ከዋሽንግተን ግዛት በ1840ዎቹ ተከፍሎ ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰ ስለ ሆነ ነው። ይህ ሕግ ያለ ዋጋ የቆመ አይደለም። መሬት እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ሕንጻ ወደ ላይ እንዳይሄድ ሲከለከል፣ ያለው ቤት በተጫራች ብዛት ይወደዳል፤ ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች ሁሉ የሰማዩን ውበት ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. የከተማው የፕላን ጽሕፈት ቤት ገደቡ እንዲላላ ጠይቆ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ፣ ኮንግረስ በሚቀጥለው ዓመት የፈቀደው በጣሪያ ላይ የሚሠሩት ክፍሎች ሰው እንዲገለገልባቸው ብቻ ነበር። የእኔ አሳብ ሕጉ ይኑር፣ ነገር ግን ከፍታን የሚከለክል መንግሥት በዚያው እጁ ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሆን ቤት የማሠራት ግዴታ ይግባ የሚል ነው፤ ያለዚያ መከታው ወደ አጥርነት ይለወጣልና።

ይህ ፍራቻዬ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ከባርነት የወጡ ብዙ ሰዎች ወደ ዋሽንግተን ሲጎርፉ፣ ባለመሬቶች ከትልልቆቹ ቤቶች ኋላ፣ በግርዶሹ ውስጥ በሚገኙት የጓሮ መተላለፊያዎች ላይ ጠባብ ቤቶች እየሠሩ አከራዩአቸው። ከጎዳና ለሚያልፍ ሰው የማይታዩ፣ ውሃና ፍሳሽ የሌላቸው፣ በሽታ የማይለያቸው ሰፈሮች ነበሩ። በ1892 ዓ.ም. ከ30 ጫማ በጠበበ፣ ፍሳሽና ውሃ በሌለው መተላለፊያ ላይ አዲስ መኖሪያ እንዳይሠራ ተከለከለ። በ1914 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ዊልሰን ባለቤት ወይዘሮ ኤለን ለእነዚህ ሰፈሮች ብዙ ከደከሙ በኋላ በሞቱበት በዚያው ዓመት፣ ኮንግረስ በመተላለፊያዎቹ መኖር ጨርሶ እንዲቀር ሕግ አወጣ። ሕጉ መልካም አሳብ ነበረው፤ የወጡት ሰዎች ወዴት ይሂዱ የሚለውን ግን አልመለሰም፤ ስለዚህ በሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ፣ በ1934 ዓ.ም. መልሶ ቤት የሚሠራ ባለሥልጣን እስከ ተቋቋመበት ጊዜ ድረስ ብዙ ዓመት ባከነ።

ከዚያ የከፋው ግን በደቡብ ምዕራቡ ክፍል የተደረገው ነው። በ1950ዎቹ ከሃያ ሺህ የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች የሆኑ ሰዎች ይኖሩበት የነበረው ያ ሰፈር፣ በከተማ ዕድሳት ስም ከሱቁና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋራ ለመፍረስ ተፈረደበት። የአንድ ሱቅ ባለንብረቶች የእኛ ሱቅ አላረጀም፣ አልቆሸሸም፣ ስለምን ይወሰዳል ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በ1954 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ፈረዱባቸው፤ ሕግ አውጪው ከተማን ጤናማ ብቻ ሳይሆን ውብም እንዲሆን ሊያዝዝ ይችላል፣ ሲያዝዝም ሰፈሩን በጅምላ እንጂ ቤት በቤት ለመመርመር አይገደድም አሉ። ይህ በርማን ከፓርከር የሚባለው ፍርድ እስከ ዛሬ በመላው አገር ይጠቀሳል። ለዳንኤል ካሮል ስለ አንድ ቤት ካሣ ቤት ተሠርቶለት ነበር፤ ከደቡብ ምዕራብ የወጡት ግን በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ከመካከላቸው ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው ሊመለሱ የቻሉት ጥቂቶች ናቸው። ያ ላንፋንት ፕላዛ ያልሁት ስፍራ የተሠራው በዚሁ በተጠረገው ምድር ላይ ነው።

እኛስ ከዚህ ምን አለን? ከ1974 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ለውጥ በኋላ ወደዚህ አገር የመጡት ወገኖቻችን አስቀድመው በአዳምስ ሞርጋን በ18ኛው መንገድ ላይ፣ በኋላም ኪራዩ ሲበረታባቸው በዩ መንገድና በ9ኛው መንገድ አካባቢ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ። ይህ የኋለኛው ሰፈር በ1968 ዓ.ም. ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ቁጣ የተቃጠለ፣ ከዚያም በምድር ውስጥ ባቡር ቁፋሮ ለዓመታት የተዘጋጋ ስለ ነበረ፣ ቤቱ ርካሽ ነበር፤ ሌሎች የሸሹትን መንገድ ወገኖቻችን በበርበሬና በቡና ሽታ አሞቁት። ሰፈሩ ካማረ በኋላ ግን ኪራዩ እንደ ገና ተከተላቸውና ብዙዎች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ አለፉ።

ከዓመታት በፊት የማውቀው አንድ ወንድም ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ቡና ቤት ሊከፍት ምድር ቤት ተከራየ። ወለሉን አነጠፈ፣ ግድግዳውን ቀባ፣ ረከቦቱን ሳይቀር ገዛ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ቤት ለመኖሪያ ብቻ በተከለለ ቦታ ላይ እንደሚገኝ የተነገረው፤ አከራዩ ይህን ያውቅ ነበር፣ ነገር ግን አልነገረውም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ላይ እለምናችኋለሁ፤ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ ቦታው በዞኒንግ ድልድል ለምን አገልግሎት እንደ ተከለለ፣ ቤቱም የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ እዚህ ሰርተፍኬት ኦፍ ኦኪዩፓንሲ የሚሉት፣ ለምን ሥራ እንደ ተሰጠው ጠይቁ። ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን የሚሰጠው ለብቻው የተቋቋመው የከተማው የሕንጻ መሥሪያ ቤት፣ ዲፓርትመንት ኦፍ ቢልዲንግስ ነው። ምድር ቤት የምታከራዩም ሆናችሁ የምትከራዩ፣ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ በእሳት ጊዜ ሰው ሊወጣበት የሚችል በቂ መስኮት ወይም በር መኖሩን በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ይህ የኦሪቱ መከታ ራሱ ነው።

ሌላም አለ። በዋሽንግተን በየሰፈሩ ነዋሪዎች የሚመርጡት፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል፣ ኤ ኤን ሲ የሚባል የአካባቢ አማካሪ ኮሚሽን አለ። በአጠገባችሁ ትልቅ ሕንጻ ሊሠራ፣ ሰፈሩም ሊለወጥ ሲታሰብ ነገሩ በዚያ ይቀርባል፤ የኮሚሽኑም ምክር በሕግ ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጠው ተደንግጎአል። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ላይ ስለ ወገኖቻችን ሱቆች ሲወራ ከወገኖቻችን አንድ ሰው ሳይገኝ ነገሩ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ይህም ከማንኛውም ደንብ ይልቅ አሳዝኖኛል። እንግሊዝኛዬ የተሟላ አይደለም ብላችሁ አትቅሩ፤ የግንበኛና የአናጢ ችግር በ1796 ዓ.ም. የፕሬዚዳንቱን ደንብ አስመልሶአል።

ጊዜያችን ሊያልቅ ስለ ሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የላንፋንት ጎዳናዎች እጅግ ሰፍተው ሊነጠፉ ስላልቻሉ፣ በ1870 ዓ.ም. ኮንግረስ ከመንገዱ ስፋት እስከ እኩሌታ የሚደርሰው በግራና በቀኝ ለአትክልት እንዲተው ፈቀደ፤ ብዙም ሳይቆይ ባለቤቶች መስኮታቸውን ወደዚያው እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። ዛሬ ተያይዘው በተሠሩት የድሮ ቤቶች ደጅ የምታዩት የአበባ ቦታና ወደ ፊት የወጣው መስኮት፣ በአብዛኛው የቆመው በባለቤቱ መሬት ላይ ሳይሆን በሕዝቡ መንገድ ላይ ነው። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ስመለስ በእንዲህ ያለ አንድ ደጅ ላይ አንዲት እናታችን ጎንበስ ብለው የጤና አዳም ችግኝ ሲኮተኩቱ አየሁ። ሰላምታ ሰጥቼ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ብነግራቸው፣ ቀና ብለው ከደጃቸው እስከ ወዲያኛው ጥግ ያለውን መንገድ ተመለከቱና፣ «እንግዲያስ ለሚያልፈውም ይሆናል» ብለው አንድ ዘለላ ቀጥፈው ሰጡኝ።